ዐውደ ምሕረቱና ስልኩ

(በፈረንሳይ ለጋሲዮንና በእንጦጦ አካባቢ ለሚገኙ አጥቢያዎች ካህናትና የሰበካ ጉባኤ አባላት የተደረገ ንግግር)

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።



እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ «ኢንተርኔትና የምእመናን ኑሮ» የሚል ነው። በዚህ ርእስ የሚናገር ሰው ብዙውን ጊዜ ወይ ስልኩን ሲያወግዝ ወይ ሲያመሰግን ጊዜው ያልቅበታል። ዐፄ ምኒልክ በ1880ዎቹ ዓመታት ስልክ ወደ አገራችን ባስገቡ ጊዜ ከካህናቱም ከመኳንንቱም መካከል «የሰይጣን ድምፅ ነው» ብለው የሸሹ እንደ ነበሩ ሲተረክ ሁላችንም ሰምተናል፤ ስንሰማም እንስቃለን። ነገር ግን ከዚያ ፍርሃት በታች አንድ መሠረት ያለው ጥያቄ የነበረ ይመስለኛል፤ ፊቱን የማላየው ሰው ሲናገረኝ ማን ነው ብዬ ልመነው? የዛሬው ንግግሬ ከዚህ ጥያቄ አይርቅም።

ከሃያ ዓመት በፊት በዚህ ሰፈር ቃል እንዴት ይጓዝ እንደ ነበር ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቃላችሁ። ሰው ሲሞት የዕድሩ ጥሩንባ ነፊ ገና ጎሕ ሳይቀድ በየመንደሩ እየዞረ የሟቹን ስምና የቀብሩን ሰዓት ይለፍፋል። የንግሥ በዓል፣ የጉባኤና የመዋጮ ነገር ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ይነገራል። የአገሩ ወሬ በሬዲዮ ይሰማል፤ የቀረውን የቡናው ጉባኤ ይጨርሰዋል። ከእንጦጦ ጫካ የባሕር ዛፍ ጭራሮና ቅጠል ተሸክመው የሚወርዱት እናቶችም የላዩን ለታች፣ የታቹን ለላይ ያደርሱ ነበር። ይህ ሁሉ አዝጋሚ ነበር፤ ስሕተትና ሐሜትም አላጣውም። ሆኖም ቃሉ ባለቤት ነበረው። ጥሩንባ ነፊው የሟቹን ስም ቢያሳስት ከቀትር በፊት ቤቱ ድረስ ይሄዱበታል። በዐውደ ምሕረት የተናገረው ካህን በማግሥቱ በዚያው በር ይገባል፣ በዚያው በር ይወጣል፤ «አባ፣ ትናንት ያሉት ምን ማለት ነው?» ብሎ የሚጠይቀው አያጣም።

ኢንተርኔት በአገራችን ለሕዝብ አገልግሎት የዋለው በ1989 ዓ.ም. ነው። ለብዙ ዓመታት የመሥሪያ ቤትና የኢንተርኔት ካፌ ነገር ሆኖ ቆየ፤ በየሰው ኪስ የገባው ስልኩ ከረከሰ በኋላ ነው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ሳፋሪኮም ሁለተኛው የቴሌኮም ድርጅት ሆኖ ሥራ ሲጀምር ደግሞ ውድድር መጣ፤ ፓኬጁም በየዓይነቱ ሆነ። ዛሬ በአንድ ግቢ ተከራይተው ከሚኖሩ አምስት ቤተሰቦች መካከል ዘመናዊ ስልክ ያላቸው ሁለቱ ብቻ ቢሆኑ እንኳ ቪዲዮው ለአምስቱም ይደርሳል። ልጅቱ ትከፍታለች፣ እናትየው ታያለች፣ ጎረቤት ትጠራለች። «የእኛ ምእመናን ድሆች ናቸው፤ ይህ ነገር አይመለከታቸውም» የሚል የሰበካ ጉባኤ አባል ካለ እንዲህ ባለው ግቢ አንድ ምሽት ቢያሳልፍ መልካም ነው።

ልማዱም ተለውጧል። ሬዲዮ ሰዓት ነበረው፤ ሰው ዜናውን ሰምቶ ይዘጋዋል። ስልኩ ግን ሰዓት የለውም። ብዙ ሰው ከእንቅልፉ ሲነቃ ከውዳሴ ማርያም በፊት የሚዳስሰው እርሱን ነው። ይህን የምለው ስለ ወጣቶች ብቻ እንዳይመስላችሁ፤ ከኪዳን ጸሎት የሚመለሱ እናቶችም ልጃቸው ከቤይሩት ወይም ከሪያድ የላከችላቸውን ድምፅ የሚሰሙት በዚያው ስልክ ነው። ዕድሮቻችንም የቴሌግራም ቡድን እየከፈቱ ነው። የአብነት ተማሪዎች የመምህራቸውን ዜማ ቀድተው ማታ በጎጇቸው ይደጋግሙታል። በዚህ ላይ መሪጌቶቻችን አንድ አሳብ የላቸውም፤ ዜማ ከመምህር አፍ የሚወሰድ እንጂ ከሣጥን የሚቀዳ አይደለም የሚሉ አሉ። እኔ ሌሊት የሚጠና ተማሪን ለመውቀስ አልደፍርም።

ይህ ለውጥ ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የደረሰባቸውን ሁለት ጊዜያት ላስታውሳችሁ። የመጀመሪያው በ2012 ዓ.ም. ነው። በኮሮና ወረርሽኝ ምክንያት ሕዝቡ በየቤቱ እንዲጸልይ በተወሰነ ጊዜ፣ ሰሙነ ሕማማትንና ሚያዝያ 11 ቀን የዋለውን በዓለ ትንሣኤ አብዛኛው ምእመን የተከታተለው በቴሌቪዥንና በስልክ ነበር። ለጊዜው መጽናኛ ሆነ። ዳሩ ግን ቤተ ክርስቲያን መሄድን በመመልከት የተካ ሰው እስከ ዛሬ አልተመለሰም ብለው የሚያዝኑ አባቶች አሉ፤ ኀዘናቸው ተገቢ ነው።

ሁለተኛው የከበደ ነው። ጥር 14 ቀን 2015 ዓ.ም. ከቅዱስ ሲኖዶስ ዕውቅና ውጭ በተፈጸመው የኤጲስ ቆጶሳት ሹመት ቤተ ክርስቲያናችን የገባችበትን ፈተና ሁላችሁም ታስታውሳላችሁ። በጾመ ነነዌ ጥቁር እንድንለብስ የተላለፈው ጥሪ ፈጥኖ ከዳር እስከ ዳር የተዳረሰው በአብዛኛው በስልክ ነው። የካቲት 2 ቀን ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ተገደቡ፤ ገደቡ የተነሣው ከአምስት ወር በኋላ በሐምሌ ነበር። በቪ ፒ ኤን የሚሻገሩ ነበሩ፤ አረጋውያኑና ብልኀቱን የማያውቁት ግን ቀሩ። በዚያው ሳምንት ለየካቲት 5 ቀን ተጠርቶ የነበረው ሰልፍ መተላለፉ የተነገረው በዋዜማው ነው። «ሰልፉ አለ ወይስ ቀርቷል?» የሚለው ጥያቄ በአንድ ምሽት የብዙ ሺህ ሰው ጥያቄ ሆነ። ስልኩ ዝም ያለበት ሰው ወደ ደብሩ መጣ፤ ወይም የሚያውቀውን ካህን ደውሎ ጠየቀ። መልስ ያገኘ ቤቱ ገባ። መልስ ያላገኘው ከመንገደኛ የሰማውን ይዞ ሄደ።

በትግራይ ከጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለት ዓመት ያህል፣ በአማራ ክልል ደግሞ ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት ኢንተርኔት ሲቋረጥ የሆነውንም በዚህ አዳራሽ ያላችሁ ታውቃላችሁ። በዚህ ሰፈር እናቱን፣ ወንድሙን ወይም የአብነት መምህሩን በዚያ ያልተወ ጥቂት ነው። መረጃ በጠፋበት ጊዜ ወሬ አልጠፋም፤ ይልቁንም በዛ። ባዶ የቀረውን ቦታ ወሬ ይሞላዋል። እኔ የምፈራውም ስልኩ ከሚናገረው ይልቅ አጥቢያው ዝም የሚለውን ነው። ሰው ሲጨነቅ ቀድሞ የመለሰለትን ያምናል፤ ቀድሞ የሚመልሰው ደግሞ የሚያውቀው ላይሆን ይችላል።

ሐዋርያው ቅዱስ ጳውሎስ ይህ ገጥሞታል። ለተሰሎንቄ ሰዎች በጻፈው ሁለተኛ መልእክቱ፣ ከእርሱ የተላከ የሚመስል ደብዳቤ ቢደርሳቸው ፈጥነው እንዳይናወጡ ያስጠነቅቃቸዋል። በመልእክቱ ፍጻሜም ሰላምታውን በገዛ እጁ እንደሚጽፍና ይህም የመልእክቶቹ ሁሉ ምልክት መሆኑን ያስታውቃቸዋል። ልብ በሉ፤ በስሙ ሐሰተኛ ደብዳቤ ይጻፋል ብሎ ደብዳቤ መጻፉን አልተወም፤ እውነተኛው የሚለይበትን ምልክት አሳያቸው። ዛሬ የቤተ ክህነት አርማና ማኅተም ያለበት የሚመስል ደብዳቤ በቴሌግራም ሲዞር የእኛ ምእመን እውነተኛውን የሚለይበት ምልክት አለው? ማንን እንደሚጠይቅ ያውቃል?

አሁን ወደ ተራራችን ልውጣ፤ ይህ ጥያቄ የሰው ሕይወት የሚነካው እዚያ ነውና።

ወደ እንጦጦ ማርያም፣ ወደ ኪዳነ ምሕረትና በአካባቢያችን ወዳሉት ሌሎች ጠበሎች ሕሙማን ከየክልሉ ይመጣሉ። ጠባብ ክፍል ተከራይተው ወራት የሚቀመጡ አሉ። ኤች አይ ቪ በበረታበት ዘመን ይህ ተራራ ለብዙዎች የመጨረሻ ተስፋ ነበር። የፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በነጻ መሰጠት ሲጀምር፣ መድኃኒት መዋጥ እምነትን ማጉደል ነው የሚል ቃል በየጠበሉ ይሰማ ነበር። ኪኒናቸውን የጣሉ ነበሩ፤ የሞቱም ነበሩ። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጠበሉም መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች መሆናቸውንና ሕመምተኛው ሁለቱንም አብሮ መጠቀም እንደሚችል በይፋ አስተማሩ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪምና ስለ መድኃኒት ከሚያስተምረው ጋር የሚስማማ ትምህርት ነው። ኮሚሽናችንም በኤች አይ ቪ መርሐ ግብሩ ካህናትን እያሠለጠነ በዚሁ መንገድ ሠራ። ትምህርቱ ሥር የያዘው ግን አጥማቂው ካህን ራሱ፣ መስቀሉን ይዞ፣ በጠበሉ ቦታ በቆመበት ስለ ተናገረው ነው። ሕመምተኛው የሚያምነው እርሱን ነበርና።

ዛሬ ያው አሮጌ ስሕተት በአዲስ መንገድ ተመልሷል። ቪዲዮው የሦስት ደቂቃ ነው። አንዲት ሴት ትጮኻለች፤ የሆስፒታል ወረቀት ይታያል፤ «ተፈወሰች፣ መድኃኒቷን ጣለች» ይባላል፤ ከሥሩ ስልክ ቁጥር አለ። ተናጋሪው ካባ ለብሷል፣ መስቀል ይዟል። የየትኛው ሀገረ ስብከት፣ የየትኛው ደብር አገልጋይ እንደ ሆነ ግን አልተጻፈም። ቪዲዮው የሚዛመትበትን መንገድም ማወቅ ይገባናል። እነዚህ መተግበሪያዎች ተመልካቹ በአንድ ምስል ላይ ስንት ሰከንድ እንደ ቆየ ይቆጥራሉ፤ የቆየበትን የመሰለ ሌላ ያመጡለታል። የሚያስደነግጥ ነገር ዓይን ይይዛል፤ ስለዚህ ይባዛል። ተመልካች በበዛ ቁጥር ከማስታወቂያ፣ በቀጥታ ስርጭትም ከሚላከው ስጦታ ገንዘብ ይገኛል። ትዕግሥትና ንስሐን የሚያስተምር አባት በዚህ ሚዛን ሁልጊዜ ይቀላል።

በሥራዬ ምክንያት በአንድ አጥቢያ ያገኘኋት እናት ነገር ይህን ያስረዳል። ከሩቅ አገር የመጣች ናት። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት ጀምራ አራተኛ ወሯ ላይ ሳለች እንዲህ ያለ ቪዲዮ አየች፤ መድኃኒቷን ለጎረቤት ትታ፣ ልጇን ይዛ ወደ ጠበል መጣች። የሳንባ ነቀርሳ ሕክምና በተለመደው ሥርዓት 6 ወር የሚወሰድ ነው፤ መሐል ላይ ሲቋረጥ ተሕዋሲው መድኃኒቱን መቋቋም ሊለምድ ይችላል። ያን ጊዜ ሕክምናው ይረዝማል፣ ይከብዳል፤ በአንዲት ጠባብ ክፍል አብረው ለሚያድሩትም አደጋ ነው። በዚያ ቦታ ያሉት አጥማቂ አባት ሳሏን ሰምተው ለብቻዋ ጠሯት። አልተቆጧትም። «ልጄ፣ የጀመርሽው መድኃኒት ነበረን?» አሏት። ከነገረቻቸው በኋላ ያሉትን ከራሳቸው አፍ ሰምቻለሁ፤ «እንግዲህ ከጤና ጣቢያው ተቀብለሽ ነይ፤ ኪኒናሽን በጠበሉ ትውጪዋለሽ።» በማግሥቱ ጤና ጣቢያ የወሰዷት የሰበካ ጉባኤው አባል የሆኑ እናት ናቸው። ያ ቪዲዮ ስንት ሺህ ሰው እንዳየው አላስብም፤ እኚህ አባት የተናገሩት ለአንዲት ሴት ነው፤ ነገር ግን ያመነችው እርሳቸውን ነው።

ስለዚህ ነገር ለካህናት አባቶቼ የማቀርበው ልመና ይህ ነው። በየሳምንቱ በጠበሉ ቦታ፣ ከማጥመቅ በፊት፣ ይህ ቃል በግልጽ ይነገር፤ መድኃኒት የጀመረ መድኃኒቱን አያቋርጥ። ስለ ኤች አይ ቪ፣ ስለ ሳንባ ነቀርሳ፣ ስለ ስኳር፣ ስለ ደም ግፊትና ስለ አእምሮ ሕመም በስም ይነገር። «ሕክምናችሁን ተከታተሉ» የሚል ጠቅላላ ቃል ማንንም አይነካም። የሚቻል ከሆነ ያው አባት ሲናገር በሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ተቀርጾ፣ ስሙና ደብሩ ተጽፎበት፣ በደብሩ የቴሌግራም ገጽ ይቀመጥ። ከሩቅ የሚመጣው ሕመምተኛ ከመነሣቱ በፊት በስልክ ይመረምራልና በዚያ ያግኘን።

ቪዲዮ ቅረጹ ስል ሌላ ነገር እንዳይመስላችሁ። ተጠማቂን መቅረጽ በፍጹም ሊፈቀድ አይገባም። ይህን በብርቱ የምናገርበት ምክንያት አለኝ። በጠበል ቦታ ሰው ራቁቱን ነው፤ ልብሱም ምሥጢሩም ወልቋል። የሚጮኸውን፣ የሚወድቀውን ሰው አላፊ አግዳሚው በስልኩ ቀርጾ ይለቅቀዋል። ሕመሙ ያልፋል፤ ምስሉ አያልፍም። ያቺ ልጅ ነገ ሥራ ትፈልጋለች፣ ትዳር ትይዛለች፣ ልጆች ትወልዳለች፤ ልጆቿም አንድ ቀን ያዩታል። ጠበል የመጣችው ለመፈወስ ነው፤ ለዓለም መታያ ለመሆን አልመጣችም። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹት መካከል ይቆጥረዋል፤ ለእኛ ግን የንስሐን ምሥጢር መጠበቅ ከአዋጁ በፊት የተማርነው ነው። በጠበሉ መግቢያ «ስልክ ይዞ መግባትና መቅረጽ ክልክል ነው» የሚል ሰሌዳ ይሰቀል፤ ስልክ የሚያስቀምጥ ሰውም ይመደብ። ይህን አስቀድመው ያደረጉ ደብሮች ተጠማቂው እንደ ቀነሰባቸው አልሰማሁም።

ስለ ገንዘብ በአጭሩ። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህ፣ የባንኮችም የስልክ አገልግሎት ከተስፋፋ በኋላ፣ ምእመን ከቤቱ ሆኖ ዐሥራቱን ይከፍላል፤ በውጭ ያለውም ለሕንፃ ሥራ ይልካል። በረከት ነው። በዚያው መንገድ ደግሞ የደብሩን ፎቶግራፍ ለጥፎ የራሱን የሒሳብ ቁጥር የሚጽፍ አለ። የታመመ ሕፃን ምስል አንሥቶ የሚለምንም አለ። መከላከያው ቀላል ነው፤ የደብሩ ሒሳብ በደብሩ ስም ብቻ ይከፈት፣ ቁጥሩ በማስታወቂያ ሰሌዳው በጉልህ ይጻፍ፣ በየወሩም በዐውደ ምሕረት ይነበብ። ሰሌዳው ላይ የሌለ ቁጥር የደብሩ አይደለም። በግለሰብ ስም የሚሰበሰብ ገንዘብ፣ ሰብሳቢው የቱንም ያህል የታመነ ቢሆን፣ ይቁም። ይህ ቃል አንዳንድ ወዳጆቼን ቅር እንደሚያሰኝ አውቃለሁ።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጥብኝ ግን የሚመልሰው ሰው ነገር ነው። በየአጥቢያው ሰበካ ጉባኤው በቃለ ጉባኤ አንድ ሰው ይሰይም፤ ከተቻለ ከካህናት አንድ፣ ከሰንበት ትምህርት ቤት አንድ ሆነው ሁለት ይሁኑ። ሥራቸው ምእመኑ «ይህ እውነት ነው ወይ?» ብሎ ሲጠይቅ በዚያው ቀን መመለስ ነው። መልሱን ካላወቁት ወደ ደብሩ ጽሕፈት ቤት፣ ከዚያም ወደ ክፍለ ከተማው ቤተ ክህነት ደውለው ይጠይቁ፤ እስኪታወቅም «ገና እያጣራን ነው፤ ነገ ከቅዳሴ በኋላ እንነግራችኋለን» ይበሉ። ይህ ቃል ራሱ መልስ ነው፤ ሰውን ከወሬ ያሳድረዋል። ሰንበት ትምህርት ቤቱ ሲባል «ልጆቹ ያውቁበታል» ብሎ ሁሉን ለእነርሱ መተው እንዳይሆን አደራ እላለሁ። ልጆቹ ስልኩን ያውቃሉ፤ በደብሩ ስም የሚነገረውን ቃል የሚሸከመው ግን አስተዳዳሪው ነው። በቴሌግራም የሚለጠፈው ጽሑፍ በዐውደ ምሕረት ከሚነበበው ጋር አንድ ቃል ይሁን፤ ቀኑና የተናገረው ሰው ስም አይቅርበት። የጥላቻ ንግግርንና የሐሰተኛ መረጃን ስርጭት የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 መኖሩንም የገጹ ኃላፊ ይወቅ፤ በደብሩ ቡድን ውስጥ ሌላው የጻፈውን ስድብና ውሸት ዝም ብሎ ማሳደር የደብሩን ስም ያሳድፋል።

ይህን ሁሉ ስል ስልክ የሌላቸውን እንዳንረሳ እሰጋለሁ። ዕድሮች ጥሩንባውን በቴሌግራም መተካት ሲጀምሩ ቀብር ያመለጣቸው አረጋውያን አሉ። ከንጋት ጀምረው ጭራሮ የሚሸከሙት እናቶች፣ ማየት የተሳናቸው የኔ ቢጤዎች፣ ከገጠር ትናንት የመጣው የአብነት ተማሪ፣ እነዚህ ዛሬም ቃል የሚጠብቁት ከዐውደ ምሕረት ነው። አንዳንድ ደብሮች «በገጻችን አስታውቀናል» ብለው በዐውደ ምሕረት መናገሩን እየቀነሱት ነው። ይህ መታረም አለበት። በቅድሚያ በዐውደ ምሕረት ይነገር፣ ከዚያ በስልክ ይላክ። ስልክ ያለው ሰው ሁለቱንም ያገኛል፤ የሌለው ግን ሁለተኛ ዕድል የለውም።

በመጪው ሩብ ዓመት ኮሚሽናችን በየአጥቢያው ለሚሰየሙት ሰዎች የሁለት ቀን ሥልጠና ለመስጠት አስቧል። የጤና ጣቢያ ባለሙያም ይገኛል፤ ስለ መድኃኒቶቹ የሚጠየቀውን እርሱ ይመልሳል። የአጥማቂ አባቶች መገኘት ግድ ነውና ቀኑ ከንግሥ በዓላት ጋር እንዳይጋጭ የየደብራችሁን መርሐ ግብር ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ለጸሐፊው አስመዝግቡልን። ጥያቄ ያላችሁ እዚሁ እቆያለሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።